ያልዘመተው ዘማች

ዌንዴል ኩቼራ ውለታ ሲዋልለት የሚያመው ዓይነት ሰው ነበር። በረዶ በጣለ ማለዳ ጎረቤቱ ቀድሞ ደጁን ከጠረገለት፣ በማግስቱ የጎረቤቱን ደጅ፣ የጎረቤቱን ጎረቤት ደጅና የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ጠራርጎ ካልገባ እንቅልፍ አይወስደውም። በሚዙሪ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን ይህ እንደ በሽታ አይቆጠርም፤ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ አለብን። የእሱ ግን ባሰ። «አመሰግናለሁ» ሲሉት ፊቱ በርበሬ ይመስላል፤ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያለ ከአጠገብዎ ይሸሻል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው የሌላ ሰው ምስጋና፣ ያውም የገዛ ወንድሙን፣ በጠራራ ፀሐይ እጁን ዘርግቶ የተቀበለው።

የተወለደው እዚሁ፣ ከአባቱ ፀጉር ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። አባትየው ለልጆቹ ያወረሰው ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወትና ምንም ዓይነት ወሬ ሲሰማ አለመደንገጥን ነበር። ዌንዴል ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሙያ ፈቃዱን አውጥቶ ከአባቱ ጎን ቆመ። አባቱ ሲሞት ደግሞ ታናሹን ክሬግን ራሱ አስተማረው፦ መቀስ አያያዝ፣ ምላጭ አሳሳል፣ ከሁሉም በላይ ደንበኛ ሲያወራ መቼ «እህ» እንደሚባል። የዘጠኝ ዓመት ልዩነት አላቸው፤ ላያቸው ግን መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም መላጣ ናቸው፣ ሁለቱም ጆሮ ብቻ ናቸው። የአገሩን ፀጉር ሲያስተካክሉ ኖረው ለራሳቸው አንዲት ዘለላ አልተረፋቸውም እያልን እንስቅባቸዋለን። ዌንዴል ሚስት አላገባም። ለምን ሲባል «ቅዳሜ ሥራ አለብኝ» ይላል።

ክሬግ በወጣትነቱ ለትምህርቱ ወጪ ይሆነኛል ብሎ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ተመዝግቦ ነበር። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ የደንብ ልብሱን ለብሶ ይሄዳል፣ በሐምሌ ደግሞ ሁለት ሳምንት። ዌንዴል ይህን ነገር ወዶት አያውቅም። «የቅዳሜ ወታደር! ሥራ በሚበዛበት ቀን የሚዘምት የት አገር አለ?» እያለ ደንበኛ ፊት ይተርበዋል። ክሬግም «ጠላት እሁድ እሁድ ስለማይሠራ ነው» ብሎ ይመልስለታል። እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ዓመት አለፈ። ከዚያ አንድ መስከረም ጥሪ መጣ። ክሬግ ያለበት የጦር ክፍል ኢራቅ ወርዶ ለአንድ ዓመት ያህል የጭነት መኪና ሊነዳ ሆነ።

ክሬግ ነገር የማያንጠባጥብ ሰው ነው። ከመሄዱ በፊት የክፍለ ግዛቱን የሙያ ፈቃድ ቢሮ ጠየቀ። የነገሩት ግልጽ ነበር፦ ወደ ግዳጅ የተጠራ ተጠባባቂ ፈቃዱ አይሞትበትም፤ የማደሻው ስልጠናም፣ ክፍያውም፣ ቀነ ገደቡም እስኪመለስ ይጠብቁታል። ሕጉ የእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ ፎቶው ተለጥፎበት በሚሠራበት ወንበር ፊት ይሰቀል ስለሚል፣ ክሬግ ኢራቅ በመዝመቱ የማደሻ ጊዜ እፎይታ ማግኘቱን የሚያስረዳውን ወረቀት ከፈቃዱ ጎን መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ከዚያም ወደ ወንድሙ ዞረ።

«የእኔን ጦርነቱ ይጠብቅልኛል። ያንተን ማንም አይጠብቅልህም። መጋቢት ላይ ያልቃል። ስልጠናህን ሂድ፣ ዌንዴል።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

«እሺ ማለትህ ነው የሚያስፈራኝ።»

«ሂድ ዝመት ባክህ! ማን ማንን አሳድጎ ነው?»

ሲለያዩ አልተቃቀፉም፤ በእኛ ዘንድ ወንድም ወንድሙን የሚያቅፈው ቀብር ላይ ነው። ክሬግ ከመኪናው መስኮት ሁለት ጣቱን ብድግ አደረገ፤ ዌንዴልም የያዘውን መጥረጊያ ብድግ አደረገ። ዌንዴል ወደ ውስጥ ሲመለስ ግን ወለሉ ቢጠርገው ቢጠርገው አላልቅ አለው።

ዌንዴል ቃሉን ጠብቆ የካቲት ላይ ስልጠናውን ሄደ። አውራ ጎዳና ዳር ባለ ሞቴል አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰቡት ከየከተማው የመጡ ፀጉር አስተካካዮች ናቸው። አሰልጣኟ ልጁ ልትሆን የምትችል ቀልጣፋ ሴት ነበረች። ገና ከመጀመሯ ዓይኗ እሱ ላይ አረፈና «አባቴ፣ እርስዎ ወደፊት ይምጡና እጅ እንዴት እንደሚታጠብ ያሳዩን» አለችው። ወጥቶ ታጠበ። «ጣትዎ መሀል ረሱ!» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ሲሰለች የሚስቀው ሳቅ ነበር። ዌንዴል ግን የሻይ ሰዓት ሲደርስ ኮቱን አንስቶ በጓሮ በር ወጣ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ማንንም ሳላቆስል የኖርኩ ሰው እጅ መታጠብ ልማር? እያለ፣ ብቻውን በመኪናው ውስጥ እየተከራከረ ቤቱ ገባ።

እስከዚህ ድረስ ኩራት ነው፣ ይቅር ይባላል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያናድደኝ። ቢሮው ጋ ደውሎ «አልጨረስኩም፣ ጥቂት ጊዜ ስጡኝ» ቢል ይሰጡት ነበር። ግን እንዲህ ለማለት አንድ የማያውቀውን ሰው መለመን ነበረበት፤ የእኛ ሰው ደግሞ ጊዜ ስጡኝ ብሎ ከሚለምን ጥርሱን ራሱ በጉጠት ቢነቅል ይመርጣል። ዛሬ እደውላለሁ ነገ እደውላለሁ ሲል መጋቢት አለቀ፣ ፈቃዱም አለቀ። በማግስቱ መስታወት ላጽዳ በሚል ሰበብ ፈቃዱን ከነክፈፉ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ባዶው ግድግዳ ፊት መቆም ሲያቅተው ደግሞ ወደ ክሬግ ወንበር ተዛወረ። ምነው ሲሉት «እዚህ ብርሃኑ ይሻላል» አለ። እውነትም ብርሃኑ ይሻላል፤ ወንበሩ መስኮቱ ዳር ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት አንድ ቅዳሜ፣ አንዲት ሴት ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ገባች። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ኤርቪን ነበር፤ በቆሎና አኩሪ አተር የሚያርስ፣ ምላሱ እንደ ፀጉር መቁረጫው ቶንዶስ የማያርፍ ሰው። አግዳሚው ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ።

«ሃርግሮቭ እባላለሁ፣ ከፈቃድ ቢሮ ነኝ። ሥራዎን አይተዉ፤ ዞር ዞር ብዬ አያለሁ» አለች።

ማበጠሪያዎቹ የሚዘፈዘፉበትን ሰማያዊ መድኃኒት አየች፣ ፎጣዎቹን አገላበጠች፣ «ንጹሕ ቤት ነው» አለች። ከዚያ ወደ መስታወቱ መጣችና ፎቶውን አየች፣ ቀጥላ ዌንዴልን አየች። መላጣ ነው፤ ጆሮውም ያው ነው።

«ክሬግ ኩቼራ?»

የዌንዴል አፍ አልተከፈተም። ራሱ ግን ወደ ታች ወረደና ተመልሶ ቀና አለ። አንዲት ንቅናቄ ናት። መቀሱ ኤርቪን ጆሮ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

ሴትዮዋ አጠገቡ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበችና ፊቷ ተለወጠ። «ኢራቅ ነበሩ ማለት ነው! መቼ ተመለሱ?»

«በቅርቡ» አለ ዌንዴል።

«ልጄ እዚያ ነው ያለው። የመጀመሪያ ልጄ ነው።» ድምፅዋ የተቆጣጣሪ ድምፅ መሆኑ ቀረ። «በየሳምንቱ እሽግ እልካለሁ፤ ካልሲ፣ ከረሜላ፣ የማይረባ ነገር ሁሉ። ደረሰኝ ብሎ አይጽፍልኝም። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ይደርሳቸዋል?»

አሁን እንኳ መመለስ ይችል ነበር። ኤርቪን አንገቱ ላይ ከታሰረለት ሽፋን ሥር ትንፋሹን ውጦ ነበር፤ አግዳሚው ላይ ያሉትም ጋዜጣቸው ውስጥ ተደብቀዋል። ዌንዴል የእናትየዋን ዓይን አየና «ይደርሳል። ሁሉም ይደርሳል። ለመጻፍ ጊዜ አጥተው ነው» አለ።

እሷም እጇን ዘረጋች። «ለአገር ስለከፈሉት ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ዌንዴል ጨበጣት። መዳፉ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ እሷ ግን ሙቀቱ ነው ብላ ይሆናል። የሌላውን ወንበር ባለቤት ስትጠይቅ «ወንድሜ ነው፣ ዕረፍት ላይ ነው» አለ። የክሬግን ስምና ቀኑን መዝግባ ወጣች።

በሩ ከመዘጋቱ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«እንኳን በሰላም ገባህ ሳጅን!» አለ ኤርቪን ሽፋኑን እያራገበ። «ያን ጆሮ ይዘህ እንዴት ሳትመታ መጣህ?»

«ሜዳልያህን ለምን አላሳየሃትም?» አለ ሌላው። «መጥረጊያህን ማለቴ ነው!»

ለእነሱ ከመንግሥት የመጣ ሰው ማታለል እንደ ዓሣ ማጥመድ ነው፤ የያዘ ይመሰገናል። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ሰማ፣ ማንም ግን ለውጭ ሰው ትንፍሽ አላለም። «ሳጅን» የሚለውም ስም ተለጠፈበት። ዌንዴል በተጠራ ቁጥር ከንፈሩ ብቻ ይስቃል። ሌት የሚመጣበት የራሱ መዋሸት አልነበረም፤ ሴትዮዋ እጇን ስትዘረጋ ዓይኗ ውስጥ የነበረው እንባ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቢሮው ጋ ደወለ። ነሐሴ ላይ የፊት ወንበር ተቀምጦ ሰለጠነ፣ ጣቱ መሀልም ታጠበ፣ የዘገየበትን ከፍሎ ፈቃዱን አደሰ። ያ ሁሉ የፈራው ነገር ጥቂት ቀን አልፈጀም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ፈቃዱን መስታወቱ ላይ መልሶ ሰቀለና ወደ ራሱ ወንበር ተመለሰ። ክሬግ እሁድ እሁድ ሲደውል ግን «ሱቁ ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ነው» ከማለት በቀር ምንም አልነገረውም።

ክሬግ ታኅሣሥ ላይ ተመለሰ። ከስቷል፣ ግራ ጆሮውም በደንብ አይሰማም። የእሳት አደጋ መኪናው መብራቱን እያብለጨለጨ ከከተማው ዳር ተቀበለው። የትምህርት ቤቱ ባንድ በዚያ ብርድ ጥሩንባው ከከንፈሩ እየተጣበቀ ነፋለት። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ሴቶቹ ሾርባና ኮላቼ የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ አቅርበው ንግግር ተደረገ። ዌንዴል ከሁሉም ረዝሞ አጨበጨበ። እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ፤ አንገቱን ግን ቀና አላደረገም።

ጥር ላይ ክሬግ ፈቃዱን ሊያሳድስ ዋና ከተማው ሄደ። ሲመለስ ዌንዴል ሱቁን ዘግቶ ወለሉን ይጠርግ ነበር። ክሬግ ኮቱን ሳያወልቅ ማበጠሪያዎቹን ማጠብ ጀመረ።

«ሐምሌ ላይ ተቆጣጣሪ መጥታ ነበር?»

መጥረጊያው ቆመ። «መጥታ ነበር።»

«ማንን አገኘች?»

ዌንዴል ወለሉ ላይ ያለውን የሰው ፀጉር ሲያይ ቆየ። «አንተን» አለ።

ክሬግ «እኔም እንደዚያ ነው ያልኳቸው» አለ። «መዝገባችን በሐምሌ እዚህ ስትሠራ ያሳያል፣ አንተ ደግሞ ግዳጅ ላይ ነበርኩ ትላለህ፣ የቱ ነው እውነቱ አሉኝ። የሁለት ሳምንት ዕረፍት ተሰጥቶኝ መጥቼ ጥቂት ሰው አስተካክያለሁ አልኩ። እንግዲያው ዘምቻለሁ ብለህ ጊዜ አስረዝመህ በጎን ከሠራህ እፎይታው ይቀርብሃል፣ ፈቃድህም ካለፈ ቆይቷል፣ እንደ ጀማሪ ፈተና ትቀመጣለህ አሉኝ።»

«ለምን ከአዛዥህ ወረቀት አላመጣህም? የት እንደነበርክ አገር ያውቃል!»

«አምጥቼስ? ታዲያ ወንበሩ ጋ የነበረው ማን ነው አይሉም? በሰው ስም የሠራ ፈቃዱን ዕድሜ ልኩን ይነጠቃል። ሃምሳ አምስት ዓመትህ ነው፣ ዌንዴል። ከዚህ ወጥተህ ምን ልትሠራ ነው?»

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«አትነግርም። መላጨት አላውቅም እንዴ? ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ፈተናው ከሰዓት በፊት ያልቃል።» ከዚያ ሳቅ አለ። «ፈቃድ የምታድሰው ሴትዮ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹እንዳንተ ያሉት ናቸው ለሌሎቹ ዘማቾች በር የሚዘጉት።›» እየሳቀ ነው የተናገረው፤ ነገር ግን አንዷን ማበጠሪያ እየደጋገመ ያጥባት ነበር።

ዌንዴልም እሺ አለ። እዚህ ላይ ልሸፋፍንለት አልችልም፤ እሺ አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉት ነገር በገዛ ወንድሙ ላይ ሲደረግ ቆሞ አየ። ክሬግ ራሱ የፈለገው ነው እያለ ራሱን ሸነገለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት።

የፈተናው ወግ ተፈታኙ የሚላጨውን ሰው ራሱ ይዞ ይምጣ የሚል ነው። ክሬግ ከፈተናው በፊት ባለው ሰሞን «ፂምህን አትንካው» አለው።

«ኤርቪንን ብትወስድ አይሻልም?»

«ኤርቪን ለምን ትፈተናለህ ብሎ ይጠይቀኛል። ላንተ ማስረዳት የለብኝም።»

መጋቢት ላይ በክሬግ ፒክአፕ ሄዱ። አዳራሹ በወጣት ተሞልቷል፤ ክንዳቸው የተነቀሰ፣ መቀሳቸው ገና የሚያብረቀርቅ፣ የክሬግ ልጆች ሊሆኑ የሚችሉ። ለክሬግ ደረቱ ላይ አሥራ አንድ የሚል ቁጥር ለጠፉለት። አድልዎ እንዳይኖር ፈታኞቹ የማንንም ስም አያውቁም። ዋናው ፈታኝ ደንቡን አነበበ፦ ተፈታኝ አይናገርም፣ የሚላጨውም ሰው አይናገርም፤ ከሁለቱ አንዱ ከተናገረ ተፈታኙ ይሰናበታል። ዌንዴል ደስ አለው። ዝም ማለት እንደሆነ ይችልበታል።

ክሬግ ትኩሱን ፎጣ ፊቱ ላይ አደረገ። ፎጣውን አንስቶ አረፋውን ቀባ፣ ምላጩም በቀኝ ጉንጩ ላይ አባታቸው እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ ወረደ። ዌንዴል ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጎበዝ፣ እንዲያ ነው፣ እያለ በልቡ ይከተለው ነበር። የጫማ ድምፅ አጠገቡ ሲቆም ዓይኑን ገለጠ። ያቺው ተቆጣጣሪ ናት፤ ዛሬ ከፈታኞቹ አንዷ ሆናለች። ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ይዛ የክሬግን አሠራር ታያለች።

አረፋው አፉንና አገጩን ሸፍኖታል። ጆሮውን የሚሸፍን አረፋ ግን የለም።

«እርስዎ ነዎት እንዴ!» አለች ጎንበስ ብላ። «አይናገሩ፣ ደንቡን አውቃለሁ፤ እኔ ልናገር። በሐምሌ አግኝቼዎት ነበር፣ ያ ዘማች። ልጄ ተመለሰልኝ። በሙሉ ጤናው። ‹ሁሉም ይደርሳል› ያሉኝን እየደጋገምኩ ነው እነዚያን ወራት የገፋሁት።» ከሽፋኑ ሥር የወጣውን የዌንዴልን እጅ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው። «ውለታዎን አልረሳም። ለልጄም፣ ለሁላችንም።»

ክሬግ ከበላያቸው ምላጩን አንስቶ ቆሟል። ለእሱ የሚገባውን ምስጋና እየሰማ፣ ስም የለውም፣ አፍ የለውም፤ ቁጥር አሥራ አንድ ነው። በግራ እጁ የዌንዴልን አገጭ ጫን አደረገው፦ ዝም በል። መናገር እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ራስን መነቅነቅ ይበቃል። ሴትዮዋ ትሄዳለች፣ ክሬግ ፈተናውን ያልፋል፣ ሁለቱም ወደ ሱቃቸው ይመለሳሉ።

«እኔ አይደለሁም» አለ ዌንዴል።

አረፋው አፉ ውስጥ ገባ። ተፋውና ቀና አለ። «ዘማቹ እሱ ነው፣ ይሄ የሚላጨኝ። ወንድሜ ነው። እኔ ኢራቅን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። ፈቃዴ አልፎብኝ ነበርና ዋሸሁዎት። ስሙን ወሰድኩበት፣ አሁንም በእኔ ጥፋት ነው እዚህ የቆመው።»

«ዝም በል አልኩህ!» አለ ክሬግ።

አዳራሹ ውስጥ መቀስ ሁሉ ቆመ። ዋናው ፈታኝ መጥቶ «ቁጥር አሥራ አንድ፣ ምላጩን ያስቀምጡ» አለ። ክሬግ አስቀመጠ።

ተቆጣጣሪዋ እጇን ቀስ ብላ ከዌንዴል እጅ አወጣች። «እሽጉ ይደርሳል ያሉኝስ?»

«አላውቅም ነበር።»

ይህን ስትሰማ ፊቷ የሆነውን ዌንዴል እስከ ዛሬ ለማንም ሊነግር ሞክሮ አልሆነለትም። ወደ ክሬግ ዞረች። «እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እመቤት።»

አፏን ከፈተች። ለእሱም አንድ ነገር ልትል እንደፈለገች ያስታውቃል፤ ግን ያላትን ሁሉ ለዌንዴል ጨርሳለች። ሰሌዳዋን ይዛ ሄደች። ዌንዴልን በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ እንደዚህች ቅጽበት የሰበረው የለም። ወንድሙ አንድ ዓመት ሙሉ ከሞት ጋር ተፋጦ ላመጣው ነገር «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ሰው አጥቶ፣ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

ውጭ ነፋሱ ፊት ይላጫል። የዌንዴል ግማሽ ፊት ተላጭቶ ግማሹ ፂምና የደረቀ ሳሙና ነው። ክሬግ የመኪናውን በር ከፍቶ ሳይገባ ቆመ።

«ጥቂት ደቂቃ መታገስ አቃተህ? ያንን ጉንጭ ብጨርስ አልፌ ነበር!»

«አውቃለሁ።»

«አሁን አንተም ፈቃድ የለህም፣ እኔም የለኝም። ደስ አለህ?»

«አላለኝም።»

ክሬግ በሩን ያዝ ለቀቅ አደረገ። «ፈተናው መሰለህ የከፋኝ? መቶ ጊዜ እፈተን ነበር። እዚያ ሳለሁ ሌሎቹ ስለ ሚስት፣ ስለ ልጅ ያስባሉ። እኔ ምን አለኝ? ያቺ ወንበር ባዶዋን ትጠብቀኛለች እላለሁ። እሷ ባዶ እስከሆነች ድረስ እኔ የሆነ ቦታ እጎድላለሁ ማለት ነው።» ወደ ዌንዴል ዞረ። «አንተ ግን እኔን ሆነህ ተቀመጥክባት። ከተማው ሁሉ አይቶ ሳቀ። ማንም፣ አንድ ሰው እንኳ፣ ‹ኧረ ክሬግ እኮ እዚያ ነው› አላለም።»

ዌንዴል ይቅር በለኝ ሊል ፈለገ። እኛ ዘንድ ይህ ቃል ከአፍ የሚወጣው በስንት ምጥ ነው፤ ያን ቀን ግን ወጣ። ክሬግ ሰማው። የፒክአፑን ሞተር አስነሳና መንገድ ጀመሩ። ነዳጅ ሊቀዱ ሲወርዱ ገንዘብ የምትቀበለዋ ልጅ የዌንዴልን ፊት አይታ ከንፈሯን ነከሰች፤ ዌንዴልም ፊቱን አልሸፈነም።

ቢሮው ብዙ አልተከራከረም። ከክሬግ አዛዥ የምስክር ወረቀት መጣ፣ እፎይታው ተመለሰለት፣ ፈቃዱም ያለ ፈተና ታደሰ። ዌንዴል ያደረገውን አንድም ሳይቀንስ ተናገረ፣ ፈቃዱም ዕድሜ ልኩን ተሰረዘ። ሱቁ ተዘግቶ በቆየባቸው ሳምንታት የከተማችን ወንዶች ጎፈሬያቸው አድጎ ጎሽ መስለው ሰነበቱ። ተቆጡ ደግሞ፤ በመዋሸቱ አይደለም፣ በመናገሩ። «ማን ከሰሰህ? ማን ጠየቀህ?» አለው ኤርቪን አስፋልት ላይ አግኝቶት። ዌንዴል «አንተም እኮ ወንበሩ ላይ ነበርክ» አለው። ኤርቪን ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ መንገዱን ቀጠለ። ሳጅን ብሎ የጠራው ሰው ከዚያ ወዲህ የለም፤ አንዳንዱ ጭራሽ ስሙንም መጥራት ተወ።

ሱቁ ሲከፈት ክሬግ ና አላለውም፣ ሂድም አላለውም። ዌንዴል በመጀመሪያው ማለዳ መጥቶ ፎጣዎቹን አጠበ፣ ስልኩን አነሳ፣ ወለሉን ጠረገ። በማግስቱም መጣ። መቀስ አይነካም፤ ደንበኛ ከሌለም ሁለቱ ወንበሮች አጠገብ አይደርስም፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ክሬግ አንዳንዴ ያወራዋል፣ አንዳንዴ አያወራውም።

በግንቦት አንድ ቀን ክሬግ ምሳ ሊበላ ወጥቶ ሳለ አንድ መንገደኛ ገባ። የሩቅ ታርጋ ያለው መኪና በር ላይ አቁሟል። ባዶውን ቤት አየ፣ ነጭ ጋውን የለበሰውን መላጣ ሰውዬ አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«ፀጉር አስተካካዩ እርስዎ ነዎት?»

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረው። ከፀጉር አስተካካይነት ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ሌላ ነገር ልሁን ብሎም አስቦ አያውቅም። ፊቱ እንደ ልማዱ ቀላ፣ እጁም የሚይዘው አጥቶ ጋውኑን ዳበሰ።

«አይደለሁም» አለ። «ወንድሜ ነው። ከዘመቻ ተመልሷል፤ አሁን ይመጣል፣ ቁጭ ይበሉ።»